«ለልጆቹ ብለን ነው»

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ለሥራ ጉዳይ ወደ ቦንጋ ተጉዤ ነበር። ከጅማ ተነሥቶ ወደ ካፋ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይወርድና ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ሽቅብ ይያያዘዋል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ከጅማ መናኸሪያ ጀምረው የያዙት ክርክር ነበራቸው። አንደኛው፣ «ለዚህ ዳገት ቶዮታ ካልሆነ ሌላው ቆርቆሮ ነው» ይላል። ሁለተኛው የሱዙኪን የነዳጅ ቁጠባ እየዘረዘረ ይሞግታል። ቦንጋ ደርሰን ስንወርድ ሁለቱም ጆንያቸውን ተሸክመው ባጃጅ ፍለጋ ሄዱ። መኪና የላቸውም። ወደፊት ለሚገዙት መኪና ግን ምክንያቱ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል።

እህቶቼ፣ በዛሬው ዓምዳችን የምንወያየው ስለዚሁ ምክንያት ነው። ስለ መኪና አሠራር ላወራችሁ እንዳይመስላችሁ፤ እሱን ለመካኒኮች እንተወው። ሰው ለራሱና ለትዳር ጓደኛው «ይህን መኪና የምንገዛው ስለዚህ ነው» ብሎ የሚሰጠው ምክንያት ከየት ይመጣል? እውነተኛውስ የቱ ነው? መኪና ከቤት ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ በዕድሜው የሚያወጣው ትልቁ ገንዘብ ነው። አሮጌዋ ኮሮላ እንኳ ሚሊዮን ብር ካለፈች ሰንብታለች። በዚያ ገንዘብ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ከአስቤዛው እየቆነጠረች በዕቁብ ያጠራቀመችው አለበት።

ያረፍኩት ዘመድ ቤት ነው። ወይዘሮዋ በሙያዋ ነርስ፣ የሦስት ልጆች እናት ነች። ባለቤቷ መምህር ሲሆን፣ ከወላጆቹ የቡና መሬት የሚደርሰውን ቡና እየሸጠ ደመወዙን ይደጉማል። የመኪናው ወሬ እቤታቸው ከገባ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ገና ቡናው ተወቅጦ ሳያበቃ ወይዘሮዋ፣ «ነይ እስቲ፣ አንቺ የጋዜጣ ሰው ነሽ፤ ፍረጂን» አለችኝ። እኔም ለዳኝነት እንደማልበቃ፣ ለማዳመጥ ግን ዝግጁ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

መምህሩ የተመኘው ነጭ ሃይሉክስ ነው፤ ደብል ጋቢና ፒክአፕ።

«አንደኛ ለልጆቹ ብለን ነው» አለ። «የኛን አገር ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ዝናቡ አያባራም። በስብሰው ነው ትምህርት ቤት የሚደርሱት። ሁለተኛ መንገዱ ነው፤ ከአስፋልቱ ወጥተሽ ወደ ዴቻ ወይም ወደ ጌሻ ብትይ ትንሽ መኪና የትም አያደርስሽም። ሦስተኛ ቡናውን እንጭንበታለን። አራተኛ መለዋወጫው የትም ይገኛል። አምስተኛ ደግሞ ዋጋው አይወድቅም።»

ወይዘሮዋ ጀበናውን ከምድጃው አውርዳ፣ «ትምህርት ቤቱ እኮ በእግር አሥር ደቂቃ ነው» አለች። «ቡናው የሚጫነውስ በዓመት ስንት ቀን ነው? አንድ ቀን አይሱዙ ብንከራይ አያልቅም?» መምህሩ ዝም አለ፤ ዝምታው ግን የመስማማት አልነበረም።

እኔ የታዘብኩት አንድ ነገር ነው። አምስቱም ምክንያቶች በየራሳቸው ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን አንድ የጠና ምክንያት ያለው ሰው ጣቱን እያጠፈ አምስት አይቆጥርም። ታማሚ ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ለመሄድ አምስት ምክንያት ሲያቀርብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በተለይም «ለልጆቹ ብለን ነው» የምትለዋ ቃል እናቶችን በጣም ልታሳስበን ይገባል። መልስ የላትምና። ባልየው ይህን ሲናገር ሚስትየዋ «አይሆንም» ካለች፣ መኪናውን ሳይሆን ልጆቿን የነፈገች ትመስላለች። በዚህ ምክንያት ስንቷ እናት ለልጇ ትምህርት ያስቀመጠችውን፣ ወይም ለቤቱ ጣራ ማደሻ የያዘችውን ገንዘብ አንጀቷ እያረረ ቆጥራ አስረክባለች! ይህን ስል ወንዶቹን ብቻ መውቀሴ አይደለም። እኛም ጎረቤታችን ባለ መኪና በሆነች ማግስት ልጆቻችን ድንገት ትምህርት ቤቱ ይርቃቸዋል።

ቦንጋ ስትነሣ ከቡናዋ ቀጥሎ በጓ ይነሣል። የቦንጋ በግ ቀንድ የሌለው፣ ላቱ ረዘም ያለ፣ ገላው የሞላ፣ በገበያ የታወቀ ዝርያ ነው። በአዲዮ ወረዳ አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው ከቦንጋ የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ዝርያውን ማሻሻል ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አውራ በግ ሲመርጡ የሚያዩት ቁመናውን ብቻ አይደለም። የትውልዱ ነገር፣ ክብደቱ፣ እናቱ መንታ መውለድ አለመውለዷ በመዝገብ ይሰፍራል። አርቢዎቹ ተሰብስበው መዝገቡንም በጉንም አይተው ይመርጣሉ። የኛ ወይዘሮ ትውልዷ ከዚያው ከአዲዮ ነው፤ ወንድሟም አርቢ ነው። «ለአንድ በግ ይህን ያህል መዝገብ ይገላበጣል፤ መኪና ሲሆን ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ቀለሙ ነው» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። መምህሩ የሃይሉክሱን ነጭነት ሦስት ጊዜ ሲያነሣ ሰምቻለሁ።

አሁን «ዋጋው አይወድቅም» ወደሚለው እንምጣ። ከአምስቱ ሁሉ ብዙ እውነት ያለበት ይህ ነው፤ የሚያሳስተውም ስለዚሁ ነው። በሌላው ዓለም መኪና ከሻጩ ግቢ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል። በአገራችን ግን የተለመደው ተቃራኒው ሆኖ ቆይቷል። መኪና ከውጭ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ቀረጡና ታክሱ በላዩ ላይ ይደረባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በተለይ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሆነና ብር ወረደ። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ የገባችው አሮጌ ኮሮላ አርጅታም ትወደዳለች። ስለዚህ መምህሩ «ብሩን ባንክ አስቀምጬ ከሚሟሟ ብረት ላድርገው» ቢል ሞኝነት አይደለም። የኑሮ ውድነት ያስተማረው ነው።

ዳሩ ግን ይህ ምክንያት የሚሠራው መኪናው ሲሸጥ ነው። በዚህ ዓምድ ሥራዬ ካነጋገርኳቸው ባለ መኪና ቤተሰቦች መካከል «ዋጋው አይወድቅም» ብለው ገዝተው፣ ዋጋው ሲወጣ የሸጡት ጥቂቶች ናቸው። የሸጠውም ሌላ ለመግዛት ሲነሣ ያም ተወድዶ ይጠብቀዋል። እስከዚያው ድረስ መኪናው ይበላል። በየዓመቱ ምርመራውና ቦሎው አለ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ዘይት፣ ጎማ፣ ፍሬን ሸራ፣ ነዳጅ። ነዳጁም ቢሆን መንግሥት ድጎማውን ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። ባንክ የተቀመጠ ብር ጥቅሙ ቢያንስም ጎማ ቀይሩልኝ አይልም።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ወይዘሮዋም አታውቀውም ነበርና። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት ሊብሬው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ሕግ የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲሆን ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ስለዚህ በየአካባቢያችሁ ፍርድ ቤት ወይም የሴቶች ጉዳይ ቢሮ መጠየቁ ይበጃል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ስምምነት የሚጠይቀው ለመሸጥና ለመበደር ነው። በእጅ ባለ ገንዘብ ለመግዛት ግን ከባልና ሚስቱ መነጋገር በቀር ሌላ ዘበኛ የለም።

ስለ ክብር ደግሞ ማንም ደፍሮ አያወራም። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ስለ ዳገቱና ስለ ጭነቱ ያወሩ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ኮርቻው አምሮ፣ ሰጋር በቅሎ ላይ ተቀምጦ ለቅሶ ቤት መድረስ ሌላ ትርጉም ነበረው። ዛሬም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ሕዝባችን ለመኪኖች ስም ሲያወጣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ዶልፊን»፣ «አባዱላ»፣ «ቪ8» እያለ እያንዳንዱን እንደ ጎረቤት ያውቀዋል። ነጩ ባለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ደግሞ በየወረዳው የባለሥልጣንና የፕሮጀክት ሰው መኪና ሆኖ ስለኖረ፣ ከሩቅ ሲታይ ሰው መንገድ ይለቅለታል።

የሰውን ጉድ ሳወራ የራሴን ልደብቅ አይገባኝም። ከዓመታት በፊት በወንድሞቼ እርዳታ አንዲት ቀይ ቪትዝ ገዝቼ ነበር። ለእናቴ የነገርኳት ምክንያት «ነዳጅ አትበላም» የሚል ነበር። እናቴም «መቼም የማትበላ ነገር ገዝተሽ ካመጣሽ ደግ ነው» ብላ መረቀችኝ። እውነቱ ግን ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረች ባልደረባዬ ከእኔ ቀድማ መኪናዋን በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ማቆም መጀመሯ ነው። የነዳጁን ቁጠባ ያሰላሁት ቀብዱን ከከፈልኩ በኋላ ነበር።

ይህ ጠባይ የኛ ብቻ አይደለም። ኤርነስት ዲክተር የሚባል የቪየና ተወላጅ የሥነ ልቡና ባለሙያ ወደ አሜሪካ ከተሰደደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ገደማ ለክራይስለር ኩባንያ ሰዎች ፕሊመዝ የተባለውን መኪና ለምን እንደሚገዙ አጥንቶ ነበር። ወንዶቹ ወደ መሸጫው የሚገቡት ጣሪያው የሚከፈተውን ሽንጠ ረጅም አውቶሞቢል በመስኮት አይተው፣ ወጣትነታቸው ትዝ ብሏቸው ነው። የሚገዙት ግን ባለ ጣሪያውን፣ የቤተሰቡን መኪና ነው። በግዢው ላይ የሚስቶቻቸው ቃል ከተገመተው በላይ ክብደት እንዳለውም ተገነዘበ። ኩባንያው ይህን ሲያውቅ ምን አደረገ? ባለ ክፍት ጣሪያውን መኪና በመስኮት ማሳየቱን ገፋበት፤ ማስታወቂያውን ደግሞ በሴቶች መጽሔት ላይ ማውጣት ጀመረ። እኛ ለራሳችን ያልነገርነውን ምክንያት ሻጩ አስቀድሞ አጥንቶታል ማለት ነው።

በሁለተኛው ምሽት የመምህሩ ታናሽ ወንድም መጣና ሌላ ምክንያት ይዞ ገባ። አዲስ አበባ ደርሶ መመለሱ ነው። «በዚህ ዘመን የነዳጅ መኪና የሚገዛ አለ? ኤሌክትሪክ ግዙ! ሰልፍ የለ፣ ዘይት የለ፣ ማታ ትሰካዋለህ፣ ጠዋት ትነዳዋለህ» አለ። መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥና ታክሱን ማቅለሉ እውነት ነው፤ በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ወጪው እንደሚያንስም አይካድም። ነገር ግን ባትሪ መሙያ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው። ቦንጋ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከጎጀብ ወደ ላይ ያለው ዓይነት ዳገት ባትሪውን ይበላዋል፤ ቁልቁለቱ ከፊሉን ብቻ ነው የሚመልሰው። መብራት የጠፋ ሌሊትስ? ወንድምየው ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ የመኪናው የመስታወት ጣሪያ እንዴት እንደሚያምር ግን አጫወተን።

ወይዘሮዋ ይሄኔ ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ የተማሪ ደብተር አወረደች። ለካ ከወንድሟ የበግ መዝገብ ተምራ፣ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ለአንድ ወር የቤተሰቡን መንገድ ስትጽፍ ኖራለች! ማን ወዴት ሄደ፣ በምን ሄደ፣ ስንት ከፈለ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ። ደብተሩን ለባለቤቷ ሰጠችውና፣ «አንተ አንብበው፤ ድምፅህ ይሰማል» አለችው።

መምህሩ እንደ ክፍል ውስጥ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። ልጆቹ፦ በእግር፣ በእግር፣ በእግር፤ ሁለት ቀን ዝናብ ሆኖ በባጃጅ። ገበያ፦ በባጃጅ። ጅማ፦ አንድ ጊዜ፣ በአውቶቡስ። ጎረቤት ምጥ ይዟት ሌሊት ወደ ሆስፒታል፦ በባጃጅ። እስከዚህ ድረስ ወይዘሮዋ አሸናፊ ነበረች። ከዚያ ግን ቅዳሜ ላይ ደረሰ። «ዴቻ፤ እናቱን ሊጠይቅ፤ በሞተር፣ ከዚያ በእግር፤ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን።» የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። የሚቀጥለውም። አራተኛው ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቆመ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ የነገረን ይህ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር አባቱ ሌሊት በጠና ታመሙ። ወንድሞቹ ስልክ ሲደውሉለት እሱ ቦንጋ ውስጥ የሰው በር እያንኳኳ ባለ መኪና ይለምናል። አንዱ ጭቃውን ፈራ፤ ሌላው የጠየቀው ዋጋ ከመምህር ደመወዝ በላይ ነበር። የመንደሩ ወጣቶች አባቱን በቃሬዛ ተሸክመው ዋናው መንገድ ላይ ሲያደርሷቸው ነግቶ ነበር፤ ሽማግሌው ግን አልደረሱም። እሱ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ አንድ ነጭ ፒክአፕ ባዶውን አልፎት ሄደ። «ከዚያ ወዲህ መኪና ሳይ የማየው እሱን ነው» አለ።

ወይዘሮዋ ስኒዎቹን መሰብሰቧን ትታ ተቀመጠች። አባትየው በቃሬዛ መምጣታቸውን ታውቃለች፤ ሌላውን ግን በስምንት ዓመት ውስጥ አልሰማችም። «ይህን ለምን አልነገርከኝም? ሦስት ወር ሙሉ በልጆቹ ከምትሞግተኝ?» አለችው።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ለሞተ ሰው መኪና ግዢልኝ ልበልሽ?»

እህቶቼ፣ ከዚያ በኋላ በቤቱ የነበረው ወሬ ሌላ ወሬ ሆነ። ቀለምም ዋጋም የሚያነሣ ጠፋ። እናቱ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ የእንሰት ጓሯቸውን ጥለው ቦንጋ እንዳይኖሩ ደግሞ በጭራሽ አይሆንም ብለዋል። ስለዚህ ጥያቄው የሞቱት አባት ብቻ አልነበሩም። ወይዘሮዋ በነርስነት ዓይኗ፣ «እናታችን እንደ አባታችን ሌሊት ቢታመሙ ምን እናደርጋለን?» ብላ ጠየቀች። መኪናው እስከ በራቸው ይገባል? መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነታ። በበጋ ይገባ ይሆናል። በነሐሴ ግን እዚያ ጭቃ ውስጥ አይሱዙም ተቀርቅሮ እንደሚያድር ያውቃል። እንግዲያስ ያ ነጭ ሃይሉክስ በዚያች ሌሊት በእጁ ቢኖርም፣ አባቱ ዘንድ ሳይደርስ ይቆም ነበር።

ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁትን መግለጽ ይከብደኛል። ስምንት ዓመት የተሸከመው አንድ ነገር የቀለለት ይመስል ነበር፤ ያዘነም ይመስል ነበር። ታናሽ ወንድሙ የመስታወት ጣሪያውን ነገር ረስቶ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከዘመዶቻቸው ጋር ሆነው ገንዘብ ቢያዋጡ የትኛው ያገለገለ መኪና እንደሚሻል፣ ዝናቡ ሳይመጣ ከመንደሩ ሰው ጋር መንገዱን እንዴት እንደሚጠግኑ፣ በዝናብ ወራት እናታቸው ቢያንስ ለሐምሌና ለነሐሴ ቦንጋ እንዲቆዩ ማን እንደሚለምናቸው እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገሩ። የመጨረሻው ሥራ ለወይዘሮዋ ተሰጠ፤ አማቷ ከልጆቻቸው ይልቅ እሷን ይሰማሉ። የዕቁቡ ገንዘብ ግን ውሳኔው እስኪለይ ከባንክ እንዳይነካ ተስማሙ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ወደ ጅማ ለመመለስ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ደብተሩ በሩ ጀርባ በሚስማር ተንጠልጥሎ አየሁት። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ጽሕፈት የወይዘሮዋ አልነበረም። በመምህር የእጅ ጽሑፍ፣ መስመሩ ሳይዛነፍ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ። ዴቻ። እናቴ ዘንድ። መኪና እስከ ወንዙ ይገባል። ከዚያ በእግር 50 ደቂቃ፤ በቃሬዛ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል።»